ሩዝን በኮቶኑ ወደብ በኩል ወደ ኒጀር ማስገባት፤ መርከብ ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ

መግቢያ

ድርቅ የደረሰበት አገር የባሕር በር የሌለው በሚሆንበት ጊዜ የዕርዳታ ሥራ በሁለት ወገን ይፈተናል። አንደኛው እህሉን የማግኘት፣ ሁለተኛው የተገኘውን እህል በጊዜው የማድረስ ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለመጀመሪያው ነው። የልገሳው ቃል ተሰጥቶ መርከቡ ወደብ ሲደርስ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። ዳሩ ግን የተራበው ሰው የሚጠብቀው መርከቡን ሳይሆን በአካባቢው የማከፋፈያ ጣቢያ የሚሰፈርለትን እህል ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት፣ ሩዝ በቤኒን የኮቶኑ ወደብ በኩል ወደ ኒጀር የሚገባበትን መንገድ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የመንገዱ ሁኔታ

ከባሕር ማዶ የሚመጣው የኒጀር ዕቃ ለረዥም ዘመን በአብዛኛው የገባው በኮቶኑ በኩል ነው። ከወደቡ እስከ ዋና ከተማዋ ኒያሜ ያለው መንገድ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከኮቶኑ ወደ ሰሜን የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ 438 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ፓራኩ ከተማ ላይ የተገታ ሲሆን፣ እስከ ኒጀር ድረስ ለመቀጠል የወጣው ዕቅድ አልተፈጸመም። ከ1968 እስከ 1974 በዘለቀው የሳህል ድርቅ ጊዜ በባቡር የመጣው ጭነት ፓራኩ ላይ ወደ መኪና መዛወር ነበረበት። ከዚያም ጭነቱ በማላንቪል አድርጎ የኒጀርን ወንዝ በመሻገር ወደ ጋያ ይገባል።

ጭነት በሚዛወርበት በእያንዳንዱ ቦታ ጆንያው ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይቀደዳል፤ ቆጣሪ ከሌለም ሳይቆጠር ያልፋል። ስለዚህ የመንገዱ ርዝመት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በመዛወሪያዎቹ ቁጥርም መለካት ይገባዋል።

2. ሩዝ በመርከብና በወደብ

ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚገባው ሩዝ በአብዛኛው ከታይላንድ፣ ከህንድ፣ ከቬትናምና ከፓኪስታን ይመጣል። ኮቶኑ የሚራገፈውም ለዕርዳታ የመጣ ሩዝ ብቻ አይደለም። ተቀቅሎ የደረቀ የንግድ ሩዝ በብዛት በዚያ ይራገፋል፤ ከዚህም ውስጥ ከፍ ያለው ድርሻ ናይጄሪያ በ2016 ሩዝ በየብስ እንዳይገባባት ከከለከለች በኋላም እንኳ በድንበር በኩል ወደዚያው ሲሻገር ቆይቷል። በመሆኑም የዕርዳታው መርከብ የመራገፊያ ቦታን፣ መጋዘንን፣ ጫኝና አውራጅንና የጭነት መኪናን ከነጋዴው ጋር ይሻማል። ይህን ያልገመተ ዕቅድ ገና ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

የወደቡን አቅም ሳይመለከቱ ማዘዝ ምን እንደሚያስከትል በ1975 በሌጎስ ታይቷል። የናይጄሪያ መንግሥት ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሲሚንቶ በማዘዙ ከ400 በላይ መርከቦች ከወደቡ ፊት ለፊት ተኮልኩለው ወራቸውን ጠበቁ። በቆሙበት ለእያንዳንዱ ቀን ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ ይከፈላቸው ነበር። ሲሚንቶው በእህል ቢለወጥ ኖሮ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ ባልተወሰነም ነበር።

ሩዝ ራሱም ጥንቃቄ የሚሻ ጭነት ነው። እርጥበቱ ከመቶ 14 ሲበልጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል። መርከቡ ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ባሕር ሲያልፍ በመጋዘኑ ብረት ላይ የሚፈጠረው ጤዛ ወደ ጆንያው ስለሚንጠባጠብ፣ ጭነቱ በምንጣፍና በአየር መተላለፊያ መጠበቅ ይኖርበታል። ኮቶኑ ረዥሙን ዝናብ የሚያገኘው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ስለሆነ፣ በዚያ ወራት የሚራገፍ መርከብ በዘነበ ቁጥር ክዳኑን ዘግቶ መቆም ይገደዳል።

3. በምሳሌ የቀረበ ስሌት

አንድ መርከብ 15,000 ቶን ሩዝ ይዞ ደረሰ እንበል። ይህ ባለ 50 ኪሎ 300,000 ጆንያ ነው። በቀን 1,500 ቶን ቢራገፍ ሥራው በ10 ቀን ያልቃል። ነገር ግን ከወደቡ በየቀኑ የሚወጡት እያንዳንዳቸው 30 ቶን የሚጭኑ 20 መኪናዎች ብቻ ቢሆኑ፣ የሚነሣው 600 ቶን ነው። መርከቡ በአሥረኛው ቀን ባዶውን ሲሄድ 9,000 ቶን በወደቡ መጋዘን ይቀራል። የመርከቡን ጭነት በሙሉ ከወደቡ ለማንሣት 25 ቀን ያስፈልጋል። ደርሶ መልሱ 10 ቀን የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ 20 መኪና በየቀኑ ለማስነሣት 200 መኪና መመደብ ግድ ነው። ስለዚህ የወደቡን ፍጥነት የሚወስነው ክሬኑ ሳይሆን የመኪናው ቁጥር መሆኑ ግልጽ ነው።

ከጭነቱ ከመቶ 2 እጁ ቢባክን የሚጠፋው 300 ቶን ነው። ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም ሲታሰብ፣ ይህ ለ25,000 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ይሆናል። በመዝገብ ላይ አነስተኛ የሚመስለው ጉድለት በጣቢያው ሲታይ የአንድ ትልቅ ሰፈር ረኃብ ነው።

4. ጊዜውን ወደ ኋላ መቁጠር

በሳህል የዝናቡና የረኃቡ ወራት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቁ ሲሆን፣ መንገዱ የሚበላሸውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ እህሉ በግንቦት መጨረሻ በየጣቢያው መገኘት ይኖርበታል። ከኒያሜ ወደ ጣቢያዎቹ ለማዳረስ 20 ቀን፣ ከወደቡ ለማንሣት 25 ቀን ቢታሰብ፣ መርከቡ ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት መድረስ አለበት። የባሕሩ ጉዞ አንድ ወር ተኩል፣ ግዢውና ጭነቱ ሁለት ወር ቢፈጁ፣ ትዕዛዙ መሰጠት ያለበት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። መኸሩ መክሸፉ የሚታወቀው ደግሞ በኅዳር ገደማ ስለሆነ፣ ለመወሰን የሚቀረው ጊዜ ከአንድ ወር ብዙም አይበልጥም። የረኃብን ፎቶግራፍ ጠብቆ የተሰጠ ትዕዛዝ እህሉን የሚያደርሰው ከቀብር በኋላ ነው።

5. በአንድ በር ብቻ የመተማመን አደጋ

በጁላይ 2023 በኒጀር የመንግሥት ግልበጣ ከተደረገ በኋላ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ማዕቀብ ጣለ፤ ከቤኒን ጋር ያለውም ድንበር ተዘጋ። ለኒጀር የታሰበ ጭነት በኮቶኑ ተከማቸ፤ መኪናዎችም በማላንቪል ተሰልፈው ቆሙ። ማዕቀቡ በፌብሩዋሪ 2024 ከተነሣ በኋላም ኒጀር በበኩሏ ድንበሩን ዘግታ ቆየች። ዕቃው ከቶጎ የሎሜ ወደብ ተነሥቶ፣ ጸጥታ በጎደለው የቡርኪና ፋሶ መንገድ በወታደር ታጅቦ እንዲጓዝ ሆነ። በዚያው በጁላይ 2023 ህንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክላ ነበር። የመግዣውም ሆነ የማስገቢያው በር በአንድ ወቅት ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ለዕርዳታ ሠራተኛው መመሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሀ) ዕቅዱ ከማከፋፈያው ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ወደቡ ይቆጠር።
ለ) የመኪናው ቁጥር ሳይረጋገጥ የመርከቡ መድረሻ ቀን አይወሰን።
ሐ) ጆንያ በሚዛወርበት ቦታ ሁሉ ቆጣሪና መዝገብ ይኑር፤ ጆንያን በብረት ሜንጦ መሳብ ይከልከል፤ ለተቀደደው ምትክ ጆንያ፣ ለዝናቡም ሸራ ይዘጋጅ።
መ) ሁለተኛ ወደብና ሁለተኛ መንገድ በሰላም ጊዜ ይጠና፤ የትራንዚት ውሉም አስቀድሞ ይፈረም።

ኢትዮጵያም ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የሌላት ስለሆነች፣ ከውጭ የሚመጣው እህሏም በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚገባ፣ ይህ ትምህርት ከእኛ የራቀ አይደለም። በ1984 እና በ1985 አሰብ ላይ እህል ተከማችቶ መኪና ሲጠበቅ እንደ ነበረ የዚያን ጊዜ ሠራተኞች ያስታውሳሉ። የመጀመሪያውን አዝመራ እስኪሰበስብ ድረስ በቀለብ ለሚኖረው ሰፋሪም፣ መኪናው የዘገየበት አንድ ሳምንት ዘር የሚበላበት ሳምንት ነው።