«ሑክም የአላህ ብቻ ነው» ያሉት ሰዎች



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ «እገሌ ካፊር ነው፣ ደሙ ሐላል ነው» የሚል ድምፅ በስልካችሁ ደርሷችሁ ያውቅ ይሆናል። ተናጋሪው የቁርኣን አንቀጽ ስለሚጠቅስ መልሱ ይቸግራል። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም።

በ37ኛው ዓመተ ሂጅራ (657 እ.ኤ.አ.) ሲፊን ላይ ዐሊይና ሙዓዊያህ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ጠባቸውን በሽማግሌ ለመፍታት ተስማሙ። ከዐሊይ ሠራዊት በሺዎች የሚቆጠሩት ግን «ሑክም የአላህ ብቻ ነው፤ ሰውን ዳኛ ያደረገ ከፍሯል» ብለው ሐሩራ ወደምትባል መንደር ወጡ። ኸዋሪጅ የተባሉት እነዚህ ናቸው። ልብ በሉ፣ ዒባዳ የራቃቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ሌሊቱን በሶላትና በቁርኣን ያነጉ ነበር።

ኢብኑ ዐባስ ሄደው አነጋገሯቸው። በኢሕራም ላይ ሆኖ አውሬ የገደለ ሰው ካሳውን ሁለት ፍትሐዊ ሰዎች እንደሚፈርዱ (አል-ማኢዳህ 95)፣ ባልና ሚስት ሲጣሉም ከየቤተሰቡ ሽማግሌ እንደሚላክ (አን-ኒሳእ 35) አስታወሷቸው። ለአደን ካሳና ለትዳር የተፈቀደ ሽምግልና የሙስሊሞችን ደም ለማዳን እንዴት ይከለከላል? ብዙዎቹ ተመለሱ። በኔ እይታ በሽታው አንዷን አንቀጽ ከእህቶቿ ነጥሎ መያዝ ነበር።

ላልተመለሱትም ዐሊይ ከመስጂድ እንደማይከለክሏቸው፣ አብረው እስከዘመቱ ድርሻቸውን እንደማይነፍጓቸው፣ ካልጀመሩ እንደማይዋጓቸው ቃል ገቡ። እነሱ ግን የሰሐባውን ልጅ ዐብዱላህ ኢብኑ ኸባብን፣ አብራው ከነበረችው ነፍሰ ጡር ጋር ገደሉ። በዚያው ጉዞ አንዱ ወድቃ ያገኛትን ተምር ቢጎርስ፣ ባለቤቷን አላስፈቀድክም ብለው አስተፍተውታል! የነህረዋን ውጊያ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ40ኛው ዓመተ ሂጅራ ከእነሱ ወገን የሆነው ኢብኑ ሙልጀም ዐሊይን ኩፋ ላይ ገደላቸው። ካፊር ያሏቸውን ሰዎች ግን ዐሊይ መልሰው ካፊር አላሏቸውም።

ከ1300 ዓመታት በኋላ በግብፅ እስር ቤቶች የተገረፉ ወጣቶች «ገራፊያችን ሙስሊም ነውን?» ብለው ጠየቁ። ሰይድ ቁጥብ በ1964 ባሳተሙት «መዓሊም ፊ አጥ-ጠሪቅ» ኅብረተሰቡን ጃሂሊያህ ብለውት ነበር፤ በ1966 በስቅላት ተገደሉ። የእርሻ ትምህርት የተማረው ሹክሪ ሙስጠፋ ደግሞ ሰንሰለቱን አስረዘመው፦ ገዢው ከፍሯል፣ የታዘዘውም ከፍሯል፣ እነሱን ካፊር ያላለም ከፍሯል፣ ወደ ቡድናችን ያልገባም እንዲሁ። በጁላይ 1977 ተከታዮቹ የቀድሞውን የአውቃፍ ሚኒስትር ሸይኽ ሙሐመድ ሑሰይን አዝ-ዘሀቢን ከቤታቸው ጠልፈው ገደሉ። ሸይኹ «አት-ተፍሲር ወል-ሙፈሲሩን»ን የጻፉ ዓሊም ናቸው፤ የተፍሲር ተማሪዎች ዛሬም የሚቀሩበት ኪታብ ነው።