ስለ ሚዛን ያዥና ስለ ባልንጀሮቹ

ልጆች ሆይ፥ በከምባታ ምድር፥ ወደ ወላይታ ወሰን በሚጠጋው ስፍራ፥ ሀደሮ የምትባል ከተማ አለች። የሀደሮ ገበሬ ከእንሰቱና ከቡናው ጋራ ዝንጅብል ይተክላል። እንሰቱ ለቤት ምግብ ነው፤ ዝንጅብሉ ግን ገንዘብ ነው። ግብሩ የሚከፈለው፥ የልጁ ደብተር የሚገዛው፥ ለመስቀል በዓል የሚታረደው በሬ ዋጋ የሚገኘው ከእርሱ ነው።

ዝንጅብል ከተተከለ በኋላ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ይጠበቃል። ገበሬው ይኰተኵተዋል፥ ያርመዋል፥ በመጨረሻም ቈፍሮ አፈሩን አራግፎ ወደ ገበያ ያወርደዋል። ያ ሁሉ ድካም በአንድ ደቂቃ ሚዛን ላይ ይወጣል። ሚዛኑን የያዘው ሰው «አሥር ኪሎ» ቢል አሥር ነው፤ «ዘጠኝ» ቢልም ዘጠኝ ነው። ገበሬው ከማመን በቀር ምን ያደርጋል?

ዝንጅብል ብዙ እምነት የሚፈልግ ነገር ነው። በ2004 ዓ.ም. ግድም ባክቴሪያ የሚያመጣው አጠውላጊ በሽታ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎች ላይ ወረደ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፥ ግንዱ ወደቀ፥ ሥሩ በሰበሰ። ብዙ ገበሬ ከእጁ ምንም አልተረፈለትም። ይህ በሽታ በአፈርና በውሃ ይተላለፋል፤ ደግሞም ለዘር በሚሸጠው ዝንጅብል ውስጥ ተሰውሮ ይሄዳል። ከታመመ ማሳ የተቈፈረ ዝንጅብል ለዓይን ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዘር የሚገዛ ሰው የሚገዛው የሻጩን ቃል ጭምር ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንነግራችኋለን። ምሳሌ ስለ ሆነ የማንም ሰው ስም የለበትም።

በአንድ የዝንጅብል መጋዘን ሦስት ሰዎች ይሠሩ ነበር። አንዱ ሚዛን ያዥ፥ አንዱ ጸሓፊ፥ አንዱም ተሸካሚ ነበረ። ሚዛን ያዡ በትጋቱ የተመሰገነ ነው። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፥ ከሁሉ ኋላ ይሄዳል። ዕረፍት ውሰድ ቢሉት አይወስድም። ሲያመው እንኳ በጋቢ ተጠቅልሎ ይመጣል። ባለ መጋዘኑም «እንደ እርሱ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል!» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ይናገር ነበር።

ነገር ግን ሚዛን ያዡ አንድ እንግዳ ጠባይ ነበረው። ገበሬውን የሚመዝንበት የአሥር ኪሎ ብረት ነበረ። ያን ብረት ሌላ ሰው እንዲያነሣው አይፈቅድም። ማታ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። «ለምን ትደክማለህ?» ቢሉት «ዝገት እንዳይበላው ነው» ይላል። ባልንጀሮቹም ሳቁበት፤ «ብረቱን አግብቷታል» እያሉ ቀለዱበት። መሳቅ ቀላል ነገር ነው፤ የሚሥቅ ሰው መጠየቅን ይረሳል።

ብረቱ ከሥሩ ተቦርቡሮ በውስጡ እርሳስ የሚባለው ከባድ ማዕድን ፈሶበት ነበር። በላዩ አሥር ኪሎ የሚል ቍጥር አለ፤ ክብደቱ ግን አሥራ አንድ ነው። ስለዚህ ገበሬው አሥራ አንድ ኪሎ አስረክቦ የአሥር ኪሎ ዋጋ ይቀበላል። ጸሓፊው አሥር ብሎ ይጽፋል። የተረፈችውን አንድ ኪሎ ሚዛን ያዡ ማታ ከየጆንያው ቀንሶ ለብቻ ይሸጣል። መዝገቡ ሲታይ ልክ ነው፤ የገባው ሃምሳ፥ የወጣው ሃምሳ። ባለ መጋዘኑ አልጐደለበትም። የጐደለበት ቅርጫቷን ተሸክማ ከኰረብታው የወረደችው ሴት ነበረች።

ከሁሉ በፊት ነገሩን ያወቀው ተሸካሚው ነው። እርሱ ማንበብ አይችልም፤ ነገር ግን ትከሻው ያነባል። ሃምሳ ኪሎ የተባለው ጆንያ ሲገባ ይከብደዋል፤ በማግሥቱ ሲያወጣው ይቀልለዋል። ሚዛን ያዡን ቢጠይቀው «ዝንጅብል ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ይህንንም አታውቅም?» አለው። እውነት ነው፥ ዝንጅብል ሲደርቅ ይቀልላል። ነገር ግን በአንድ ሌሊት አምስት ኪሎ ይደርቃልን? ተሸካሚው ይህን በልቡ አሰበና ዝም አለ፤ ድኻ ነውና ከሥራው መውጣትን ፈራ።

ጸሓፊውም አወቀ። ማታ ማታ ከበስተ ኋላ በር የሚወጣውን ጆንያ አይቷል። ነገር ግን ሦስቱ ለመስቀል የበሬ ቅርጫ በአንድነት ይገቡ ነበርና ሚዛን ያዡ ሁልጊዜ ከድርሻው በላይ ይከፍል ነበር። ለጸሓፊው ልጆችም ስኳርና ልብስ ይልክ ነበር። ጸሓፊው ራሱን እንዲህ ብሎ አጽናና፤ «እኔ የምጽፈው የተጠራልኝን ነው። ሚዛኑ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ልጆች ሆይ፥ ይህን ቃል ልብ በሉ። እስቲ ሦስቱን ሰዎች በዚህ እናቁማቸውና ይህ ቃል ከአንድ ትንሽ መጋዘን አልፎ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል በእውነት ከሆነ ነገር እንይ።

በኢትዮጵያ ወርቅ ከሚያወጡ ሰዎች ላይ ወርቅ እየገዛ ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በ2000 ዓ.ም. ባንኩ የወርቅ ጡብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ላከ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ጡቡን መርምረው መለሱት። ከላይ ወርቅ የተለበጠ፥ ከውስጥ ግን ብረት ነበረና። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ነገሩ በዓለም ዜና ተሰማ። ባንኩም በግምጃ ቤቱ ያለውን ወርቅ ሁሉ እንዲመረምር ታዘዘ። ደግሞም ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ተይዞ ለዓመታት በግምጃ ቤት ከተቀመጠው ወርቅ ውስጥ ሐሰተኛ ተገኘ።

በዚህ ነገር የተያዙት እነማን ናቸው? ወርቁን ያቀረበው ነጋዴና የንግድ ባልንጀሮቹ፥ ከባንኩ ሹማምንት፥ ደግሞም ባንኩ ከመግዛቱ በፊት ወርቁን እየመረመሩ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክሩት የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት የኬሚስትሪ ዐዋቂዎች ተያዙ። የተያዘ ሁሉ በደለኛ ነው አንልም፤ ያን የሚፈርደው ዳኛ ነው። እኛ የምንመለከተው የእጆቹን ብዛት ነው። አንዱ ያቀርባል፥ አንዱ ይመረምራል፥ አንዱ ይገዛል፥ አንዱ ይቈልፍበታል። ብዙ እጅ የተቀጠረው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ከፊተኛው እጅ የመጣውን ወረቀት ብቻ የሚያነብ ከሆነ፥ እጆቹ ቢበዙም የሚያይ ዓይን አንድም የለም። ወረቀቱ «ወርቅ» ይላል፤ እንግዲህ ወርቅ ነው ይባላል።

ብረትን ከወርቅ መለየት አስቸጋሪ ይመስላችኋልን? አንድ ሊትር ውሃ በሚይዝ ዕቃ ልክ የተሠራ የብረት ጡብ 7 ኪሎ ከ800 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚያው ልክ የተሠራ የወርቅ ጡብ ግን 19 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ መጠናቸው አንድ ከሆነ ብረቱ የወርቁን ግማሽ ያህል እንኳ አይከብድም። ይህን ለማወቅ የእኛ ተሸካሚ ትከሻ ይበቃል።

ይህም ጥበብ አዲስ አይደለም። ከ2200 ዓመት በፊት በሲራኩስ ከተማ ሂሮን የሚባል ንጉሥ ነበረ። ንጉሡ ለአንጥረኛ ወርቅ ሰጥቶ አክሊል አሠራ፤ ኋላ ግን አንጥረኛው ከወርቁ ሰርቆ በምትኩ ብር ጨምሯል ብሎ ጠረጠረ። አክሊሉ የተሰጠውን ወርቅ ያህል ይመዝናል፤ በምን ይታወቃል? አርኪሜዴስ የሚባል ሊቅ ወደ መታጠቢያ ገንዳ ሲገባ ውሃው ሲፈስ አይቶ መንገዱን አገኘ ይባላል። ብር ከወርቅ የቀለለ ነውና፥ ብር የተቀላቀለበት አክሊል ክብደቱ ትክክል ቢሆንም መጠኑ ይሰፋል፤ በውሃ የተሞላ ዕቃ ውስጥ ሲገባም ከንጹሕ ወርቅ ይልቅ ብዙ ውሃ ያፈስሳል። አንጥረኛው ከሚዛን ተሰውሮ ነበር፤ ከውሃ ግን አልተሰወረም።

ሚዛን ያዡ ዕረፍት የማይወስደው ለምን እንደ ሆነም አሁን ታስተውላላችሁ። ሌላ ሰው በስፍራው አንድ ቀን ቢቆም ብረቱ ይነሣል። በብዙ አገር ያሉ ባንኮች ይህን ስለሚያውቁ ሠራተኛ በዓመት ጥቂት ቀን የግድ ከሥራው እንዲርቅ፥ ሌላም ሰው በስፍራው እንዲሠራ ሥርዓት አላቸው።

ሚዛኑንና መዝገቡን ለአንድ ሰው መስጠት ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በእንግሊዝ አገር ከ230 ዓመት በላይ የኖረ ቤሪንግስ የሚባል ባንክ ነበረ። በሲንጋፖር ቅርንጫፉ ኒክ ሊሰን የሚባል ጐልማሳ ይነግድለት ነበር። ንግዱን የሚሠራውም፥ የንግዱን ሒሳብ የሚያስመዘግበውም እርሱ ነበረ። ቍጥሩ 88888 በሆነ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ኪሳራውን ይሰውር ነበር። እርሱ ራሱ እንደ ተናገረው፥ መጀመሪያ በዚያ የሰወረው አንዲት የሥራ ባልንጀራው የሠራችውን ስሕተት ነው፤ ከሥራ እንዳትባረር አዝኖላት ነበርና። ያች ትንሽ ርኅራኄ እያደገች ሄደች። በየካቲት 1987 ዓ.ም. ነገሩ ሲገለጥ የጠፋው ገንዘብ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፤ ባንኩም ወድቆ በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። ሊሰንም በሲንጋፖር ስድስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። ለባልንጀራ ማዘን መልካም ነው። ነገር ግን ስሕተቱን በቀን ብርሃን ተናግሮ አብሮ መማለድ ሌላ፥ ስሕተቱን መቅበር ሌላ ነው።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ።

አንድ የገበያ ቀን ሚዛን ያዡ በወባ ታመመና መነሣት አቃተው። ብረቱም ከእርሱ ጋራ በቤቱ ነበረ። ባለ መጋዘኑ አንድ ልጅ በስፍራው አቆመ፤ የሚመዘንበትንም ብረት ከጐረቤት ሱቅ ተዋሰ። ከጧቱ በሦስት ሰዓት አንዲት ሴት ቅርጫቷን ይዛ መጣች። በየገበያው የምታመጣው በዚያችው ቅርጫት እስከ አፏ ሞልታ ነው፤ ሁልጊዜም ሃያ ኪሎ ይባልላታል። ልጁ መዘነና «ሃያ ሁለት» ብሎ ጮኸ።

ሴቲቱ ገንዘቡን ቈጥራ አልሄደችም። «ልጄ፥ ቅርጫቴ ያው ናት፤ ማሳዬም ያው ነው። የተለወጠው ሚዛኑ ነው ወይስ ምንድር ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልጁ ሊመልስላት አልቻለም። ጸሓፊው ዓይኑን ከመዝገቡ ላይ አላነሣም። በዚያን ጊዜ ተሸካሚው ጆንያውን ከትከሻው አወረደና ወደ ባለ መጋዘኑ ቀረበ። «ጌታዬ፥ የዛሬው ሃምሳ ኪሎ ቀላል ነው። ያለፈው ሃምሳ ግን ከባድ ነበር። ሳልናገር ብዙ ጊዜ ቈየሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለው።

ባለ መጋዘኑ ወደ ሚዛን ያዡ ቤት ሰው ልኮ ብረቱን አስመጣ። ከተዋሱት ብረት ጋራ በሚዛኑ ግራና ቀኝ አኖሩት። የተዋሱት ወደ ላይ ወጣ፤ የሚዛን ያዡ ብረት ወርዶ ተቀመጠ። የተሰበሰበው ገበሬ ሁሉ ዝም ብሎ አየ። ገልብጠው ቢፍቁት እርሳሱ ከሥሩ ታየ።

ባለ መጋዘኑ ብዙ ጊዜ ቆሞ ብረቱን ተመለከተ። «እንደ እርሱ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል» እያለ ሲያመሰግነው የኖረ እርሱ ነውና አፈረ። ከዚያ በኋላ ወደ ጸሓፊው ዞሮ «አንተስ ታውቅ ነበርን?» አለው።

ጸሓፊው ስለ ሚዛኑ ሥራው እንዳልሆነ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሴቲቱ ግን ባዶ ቅርጫቷን እንደ ታቀፈች ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር። ስሟ በመዝገቡ ውስጥ በየገበያው ቀን ተጽፏል፤ በእርሱም እጅ የተጻፈ ነው። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ቀረ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«እንግዲያው የእያንዳንዱን ሰው ቈጥረህ ንገረኝ፤ ከአሥር አንድ ኪሎ ነው» አለው ባለ መጋዘኑ።

ጸሓፊውም መዝገቡን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገልብጦ መቍጠር ጀመረ። ሴቲቱ በመጋዘኑ ደጃፍ ቅርጫቷን ደፍታ ተቀመጠችበት። ሌሎቹም ገበሬዎች እየመጡ በአጠገቧ ተቀመጡ፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጸሓፊው ገና ከመዝገቡ እኩሌታ አልደረሰም ነበር።