ሞተር በሥራ ላይ ሳለ የሽቦውን ልባስ ስለ መጠበቅ

የኤሌክትሪክ ሞተር «በድንገት ተቃጠለ» ሲባል ይሰማል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቃጠሎው የሚመጣው በውስጡ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ልባስ ቀስ በቀስ ሲደክም ቆይቶ ነው። ልባስ የሚባለው በሽቦው ላይ የተቀባው ቫርኒሽና ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው መከላከያ ሲሆን፣ ተግባሩም ኤሌክትሪኩን ከመንገዱ እንዳይወጣ ማገድ ነው። ቡና የሚያበጥር ላኪ የመጫኛው ቀን በደረሰ ጊዜ ሞተሩ ቢቃጠልበት፣ ከማስጠቅለያው ዋጋ ሌላ የውሉን ቀንና የደንበኛውን እምነት ያጣል።

የልባስ ጠላቶች ሙቀት፣ እርጥበት፣ አቧራና ንዝረት ናቸው። በባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ግምት፣ የሽቦው ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የልባሱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። የሙቀቱም ወሰን በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በፊደል ይመለከታል፤ ይኸውም ቢ 130፣ ኤፍ 155፣ ኤች 180 ዲግሪ ነው።

ልባስን ሜገር በሚባለው መሣሪያ መለካት የታወቀ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሞተሩ መቆምና ከመስመሩ መለየት ስላለበት፣ ከአንዱ ልኬታ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ያለ ጠባቂ ያልፋል። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚከተሉትን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስመርመር ይገባል።

1ኛ/ ሙቀት፦ በጥቅሉ ውስጥ የተቀበሩ ሙቀት ጠቋሚዎች ያሉት ሞተር የሽቦውን ሙቀት ራሱ ያስታውቃል።

2ኛ/ ወደ መሬት የሚሾልክ ኤሌክትሪክ፦ ሦስቱ መስመሮች በአንድ የመለኪያ ቀለበት ውስጥ በአንድነት ያልፋሉ። ልባሱ ጤነኛ ሲሆን ቀለበቱ የሚያሳየው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲደክም ግን የሚሾልከው እየጨመረ ይሄዳል።

3ኛ/ የሦስቱ መስመሮች አምፔር፦ አንደኛው ከሌሎቹ ቢለይ፣ በቅድሚያ የሦስቱ ቮልት እኩል መሆኑ ይመርመር። ቮልቱ እኩል ሆኖ አምፔሩ ከተለያየ፣ በጥቅሉ ውስጥ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ይሆናል፤ ይህንንም ቀለበቱ ብቻውን አይገልጠውም።

አንድ ቀን የተገኘ ቁጥር ብቻውን ብዙ አያስተምርም። ነጋዴ ሒሳቡን በመዝገብ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ሞተሩ እኩል ጭነት በያዘበት ሰዓት የተነበበው በየሳምንቱ ይመዝገብ፤ ቁጥሩ እያደገ ከሄደ ሞተሩ ሥራ በሚቀልበት ቀን ቆሞ በሜገር ይለካ።

አስመጪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ። በዓለም አቀፉ ደንብ የሞተር ኃይል የሚወሰነው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነችና ስስ አየር ሞተርን በሚገባ ስለማያቀዘቅዝ፣ በሰሌዳው የተጻፈውን ኃይል ሁሉ እዚህ የሚጠይቁት ሞተር ከልኩ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ የቦታው ከፍታ ይገለጥ፤ ሙቀት ጠቋሚም አብሮ ይጠየቅ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ምክር ለሞተር ባለቤት ቃል በቃል የሚሠራ ነው።