አጋም፦ ለአጥርም ለፍሬም

መግቢያ

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለው ምሳሌ የአጋምን እሾህ ብርታት በሚገባ ይገልጻል። ገበሬው አጋምን የሚያውቀው በዚሁ እሾሁና ልጆች ከየጥሻው እየለቀሙ በሚበሉት ጥቁር ፍሬው ነው። ይሁን እንጂ ቁጥቋጦው ለማገዶ ስለሚቆረጥና ሥሩም ለባህል መድኃኒት ስለሚማስ፣ ከዱር ብቻ ከመልቀም ይልቅ በአጥር መልክ ተክሎ መጠቀም ይመረጣል።

1. የተክሉ ጠባይ

አጋም (ካሪሳ ስፒናረም) ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል። አበባው ነጭ ሆኖ መልካም መዓዛ አለው። ፍሬው በመጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ሲበስል ጥቁር ሐምራዊ ይሆናል። ጥሬው ፍሬ ወተት ስላለበት ይጎመዝዛል፣ ከንፈርም ላይ ይጣበቃል።

2. ችግኝ አዘገጃጀትና ተከላ

ሀ/ ዘሩን በሚገባ ከበሰለ ፍሬ አውጥቶ፣ ሥጋውን በውኃ አጥቦ ሳይቆይ መዝራት። የቆየ ዘር የመብቀል ኃይሉ ይቀንሳል።
ለ/ ችግኙን በፕላስቲክ ከረጢት አሳድጎ በክረምት መግቢያ መትከል።
ሐ/ ለአጥር በችግኞቹ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል መተው።
መ/ አጋም ዕድገቱ ዝግ ያለ ስለሆነና ፍየል ስለሚቀነጥበው፣ እስኪጠነክር ድረስ በደረቅ አጥር መከለል።

3. ከምረንዝ ስለ መለየት

ምረንዝ (አኮካንቴራ ሺምፐሪ) የአጋም ዘመድ ነው። እርሱም ወተት አለው፣ ፍሬውም ሲበስል ይጠቁራል፤ ብዙ ጊዜም ከአጋም ጋር በአንድ ጥሻ ይበቅላል። ነገር ግን ኡዋባይን የተባለውን ልብን የሚያቆም መርዝ የያዘ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የፍላጻ መርዝ የሚቀምሙት ከዚህ ዛፍ ነው።

ዋናው መለያ እሾህ ነው፦ አጋም እሾህ አለው፣ ምረንዝ የለውም። ፍሬው ግን አንዴ ቅርጫት ከገባ በኋላ ይህ መለያ አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው በገበያ ወይም በመጋዘን ሳይሆን በቁጥቋጦው ሥር ነው። ማኅበሩ ፍሬ የሚረከበው ከተተከለ አጥር ወይም አስቀድሞ ከታየ ቁጥቋጦ ብቻ ይሁን። እሾህ ካልታየበት ቅርንጫፍ አንድም ፍሬ አይለቀም። የምረንዝ እንጨትም ለማማሰያ ወይም ለሥጋ መጥበሻ አይሁን።

የተመረዘ ሰው ቢያጋጥም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ፣ የበላበትንም ቅርንጫፍ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

4. አለቃቀም

የጠቆረውንና ለስለስ ያለውን ብቻ መልቀም፤ ቀዩን ለቀጣዩ ዙር መተው። ፍሬው ቶሎ ስለሚበላሽ በጠባብ ዕቃ አለማጨቅ፣ በተለቀመበት ቀን መሸጥ ወይም ወደ ማርማላታ መለወጥ ይገባል።

ማሳሰቢያ

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይህን ትምህርት ሲሰጥ የሁለቱን ተክሎች ቅርንጫፍ ጎን ለጎን አድርጎ ያሳይ። ለቃሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ስለሆኑ፣ ትምህርቱ ከአባወራውና ከእማወራዋ አልፎ ለእነርሱም ሊደርስ ይገባል።