ለሠራተኛው የሚገባውን መስጠት፦ ሰበካ ጉባኤ እንደ አሠሪ



የልማት ሥራዎችን ለመጎብኘት ወደ አንድ አጥቢያ በሄድንበት ወቅት፣ የእህል መጋዘኑን ስድስት ዓመት የጠበቁ አንድ አባት አገኘን። መጋዘኑ ሊከራይ በመሆኑ «ከነገ ጀምሮ አይምጡ» ተብለው ነበር። ኮሚቴው ይህን ያደረገው በክፋት አልነበረም፤ የጽሑፍ ውል ከሌለ ግዴታ የለም ብሎ ስላመነ ነው። እምነቱ ግን ስሕተት ነበር።

ቅዳሴን፣ ማኅሌትንና ስብከትን የመሰለ መንፈሳዊ አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና በቃለ ዓዋዲው ይመራል። ዘበኛ፣ ሾፌር፣ ጸሐፊና የጽዳት ሠራተኛ በደመወዝ ስንቀጥር ግን አሠሪ ሆነናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሃይማኖት ድርጅቶች በሚመሠረት የሥራ ግንኙነት ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን በደንብ ሊወሰን እንደሚችል ይገልጻል፤ ይህ ሥልጣን ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንጂ የየአጥቢያው ኮሚቴ አይደለም።

እንግዲህ የሚከተሉትን እናስተውል፤

1. ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። ይህ አለመደረጉ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።
2. መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። በየሳምንቱም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባል፤ ሌሊቱን ሁሉ ያለ ተተኪ የሚጠብቁ ዘበኞቻችንን እናስብ።
3. ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለ።
4. ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ታርፋለች።
5. ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ስንብት ሲኖር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሒሳቡም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላል።

ከሕጉ አስቀድሞ የሠራተኛን ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድንከፍል ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ያዘናል፤ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ደግሞ የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል። ሕግ አዋቂ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ የማያውቀው ግን ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ዕዳውም በእኛ ላይ ይቀራል።

ያ ኮሚቴ ይህን ሲረዳ ውሳኔውን አንሥቶ፣ ለእኚያ አባት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠ፤ ያልወሰዱትንም ፈቃድ አስቦ ከፈለ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን በደመወዝ የሚሠሩ ስንት ናቸው? ከእነርሱ የጽሑፍ ውል በእጁ ያለው ማን ነው? በመጪው ስብሰባ መዝገቡን ከፍተን እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።