ጠያቂን መጠየቅ

ምንባብ

ወደ ነርሶች፥ ወደ መምህራን ወይም ወደ ቴክኒክ ማሠልጠኛ ለመግባት የሚያመለክት ተማሪ ከጽሑፍ ፈተናው ሌላ ቃለ መጠይቅ ሊጠብቀው ይችላል። ለዚህም ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚያጠናው መልስ ብቻ ነው። በመጨረሻ ጠያቂዎቹ፥ «አንተስ የምትጠይቀው አለህን?» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ፥ «የለኝም» ይላል። ታላቅን መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ማለቱ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፥ በዚያች ደቂቃ ያልተጠየቀ ነገር ቆይቶ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለሚገቡበት ትምህርት ቤት አስቀድሞ ማጠያየቅ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቅኔ ፈላጊው አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ጎጃም፥ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፤ ድጓ ፈላጊው ደግሞ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይጓዝ ነበር። በመንደር ቁራሽ እየለመነ ለሚማር ሰው የመምህሩ ሙያ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሕዝብ ደግነትም ትምህርቱን የመጨረስና ያለመጨረስ ጉዳይ ነበር።

የዛሬውም አመልካች እንዲሁ ነው። ጥያቄውን ከማዘጋጀቱ በፊት የተቋሙን ማስታወቂያ በሚገባ ማንበብ፥ በዚያ የተማሩትንም ማነጋገር አለበት፤ በማስታወቂያ የተገለጸውን መልሶ መጠየቅ አለማንበብን ያጋልጣልና። ከዚያም፥ «ትምህርቴን ሊያስተጓጉልብኝ የሚችለው ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ጥሩ ጥያቄ የሚታወቀው መልሱ የጠያቂውን ውሳኔ ወይም ዝግጅት የሚለውጥ ሲሆን ነው። ለመታየት ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ ግን ባዶ ነው።

ለምሳሌ ከገጠር መጥታ ነርስ ለመሆን የምታመለክት ልጃገረድን እንውሰድ። ዘመድ በሌለባት ከተማ የምትኖረው የት ነው? የተግባር ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታል ይሰጣል? የሌሊት ተረኛ ስትሆን ወደ ማደሪያዋ የምትመለሰው በምንድን ነው? በአንድ ትምህርት ብትወድቅ እንደገና የመፈተን ዕድል አላትን? ከምረቃ በኋላ የአገልግሎት ግዴታ ካለ፥ ስንት ዓመት ነው? ወላጆቿ በሬ ሸጠው ሊያስተምሯት ቢወስኑ፥ እነዚህን ሳታውቅ ብትገባ ጉዳቱ የእርስዋ ብቻ አይሆንም።

የአጠያየቁም ሁኔታ ከጥያቄው የማያንስ ጥንቃቄ ይሻል። «ማደሪያ አለ?» የሚለው አነጋገር ደረቅ ነው። «ከሩቅ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች ማደሪያ የተዘጋጀ እንደሆነ ቢገልጹልኝ» የሚለው ግን ያንኑ ነገር በአክብሮት ያቀርባል፤ ምክንያቱንም ያስረዳል። አምስት ያህል ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ መያዝ መልካም ነው። ጊዜው አጭር ስለሚሆን ዋናው ይቅደም፤ በንግግሩ መካከል የተመለሰው ይሰረዝ። መልሱንም ሳያቋርጡ ማዳመጥ፥ በመጨረሻም ማመስገን ይገባል። «አልፌያለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ጠያቂዎቹ ገና ያልመከሩበትን እንዲናገሩ ማስጨነቅ ነው።

እንግዲህ በቃለ መጠይቅ የሚመረጠው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ እርሱም ትምህርት ቤቱን ይመርጣል። የሰማው መልስ ለኑሮው የማይስማማ ሆኖ ቢያገኘው፥ ከገቡ በኋላ አቋርጦ ከመመለስ አስቀድሞ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ሀ. የቃላት ፍች

አኩፋዳ — የቤተ ክህነት ተማሪ የለመነውን ምግብ የሚይዝበት
ቁራሽ — ከእንጀራ ወይም ከዳቦ የተቈረሰ
ማስተጓጐል — ሥራን ማሰናከል፥ ማቋረጥ
ተረኛ — ተራው የደረሰው

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. አመልካቹ «የለኝም» የሚለው ለምንድን ነው?
2. ጥሩ ጥያቄ ከባዶ ጥያቄ የሚለየው በምንድን ነው?
3. የነርስነት አመልካቿ ካልጠየቀች ጉዳቱ የእርስዋ ብቻ የማይሆነው ስለምንድን ነው?

ሐ. የሚከተሉትን በአክብሮት አነጋገር ለውጣችሁ ጻፉ።

1. ክፍያው ስንት ነው?
2. ቤተ መጻሕፍቱ ማታ ይከፈታል?
3. የደከመ ተማሪን ማን ይረዳል?

መ. ልትገቡበት የምትፈልጉትን አንድ ተቋም አስቡና ለጠያቂዎቹ የምታቀርቧቸውን አምስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ጻፉ። የእያንዳንዱ መልስ በውሳኔያችሁ ላይ የሚያመጣውንም ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።