ጽጌረዳ በውርጭ አገር



ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን ይከናነባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተሠራው ዋሻ የሚገኝበት ይህ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከቆላው በኩል የሚወጣው ጉም ቀኑን ያጨልመዋል፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። «በእንዲህ ያለ አገር ጽጌረዳ ይበቅላልን?» ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። አዎን፣ ይበቅላል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ ያለ ጊዜው የምናደርግለት እንክብካቤ ነው። ይህንንም የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ነው።

አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ሟች ልጃቸው የተከለችው ቀይ ጽጌረዳ በደጃቸው ነበራቸው። ለአዲሱ ዓመት ደጃቸውን ስናጸዳ ቁጥቋጦውን እስከ ጉልበት ድረስ ቆረጥነው፣ ፍግም ጨመርንበት። በጥቅምት ለምለም ቀንበጥ ሲያወጣ ደስ አለን። በኅዳር ውርጭ መታውና ቀንበጡ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ያዳንነው መስሎን ውሃ አበዛንበት፤ እንደገና አቆጠቆጠ፣ እንደገናም ተቃጠለ። በየካቲት ቆፍረን ብናየው ሥሩ በስብሶ ነበር። እማማም፣ «ልጆቼ፣ እኔ እኮ በመስከረም ነክቼው አላውቅም» አሉን። ያልጠየቅናቸው እኛ ነበርን።

ቀጋ ምን ያስተምረናል?

በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የሚበቅለው ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው። ሊቃውንት በ1812 ዓ.ም. (በ1820 እ.ኤ.አ.) ሮዛ አቢሲኒካ፣ ማለትም የአቢሲኒያ ጽጌረዳ፣ ብለው መዝግበውታል። ነጭ አበባውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀዩን ፍሬውንም በልጅነታችን ለቅመን በልተናል። ማንም ሳይከረክመው በደጋው ይኖራል። አበባው ሲረግፍ ፍሬ ይይዛል፤ ጉልበቱንም ከአዲስ ቀንበጥ ወደ ፍሬውና ወደ እንጨቱ ይመልሳል። እንጨቱ ሲጠነክር ውርጩን ይችላል። የጓሮ ጽጌረዳችንንም በዚሁ መንገድ ልንረዳው ይገባናል።

ቦታና አፈር

ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይመረጣል፤ ጉሙ ያረጠበውን ቅጠል ፈጥኖ ያደርቀዋልና። ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ መሬቱ ጥቁርና ውሃ የሚይዝ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋትና ጥልቀት ይኑረው። በአገራችን ኩበት ለማገዶ የሚፈለግ በመሆኑ ከዚያ መውሰድ የለብንም። የቤት ጥራጊ፣ የደረቀ ቅጠልና የበግ በጠጥ ተከምሮ ጥቂት ወራት ከበሰበሰ ይበቃል።

ከቁራጭ ማብቀል

ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ አበባው ከረገፈ ጤነኛ ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያክል ውፍረትና 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ውሰዱ። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ቁረጡት። ከላይ አንድ ሁለት ቅጠል ብቻ ተዉለትና ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ጥላ ባለበት ቦታ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ሥር መያዙን ለማየት እየነቀላችሁ አትመልከቱ፤ በርካታ ሳምንታት ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ዓመት ሌሊት ሌሊት በቅርጫት ወይም በጆንያ ከውርጭ ይሸፈን።

የመከርከም ጊዜ

ዋናው ነገር ይህ ነው። ከመስከረም እስከ ጥር አትከርክሙ፤ ፍግም አትጨምሩ። የመጨረሻዎቹን አበቦች ሳትቆርጡ ፍሬ እንዲይዙ ተዉአቸው። ውርጩ ሲያልፍ፣ በየካቲት የበልጉ ዝናብ ሲቃረብ፣ የሞተውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ አስወግዱ። የቀረውንም ከሲሶው እስከ ግማሹ ድረስ አሳጥሩ። ወደ ውጭ ከሚመለከት እንቡጥ በላይ በስለታም መቀስ አግድሞሽ ቁረጡ። ውርጭ ያጠቆረውን ቀንበጥ ባያችሁ ጊዜ ወዲያው አትቁረጡት፤ እስከ የካቲት ድረስ ከሥሩ ላለው እንጨት መከለያ ይሆነዋል።

ውሃና ተባይ

በበጋ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንድ ጊዜ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ለዚህም አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃል። ውሃው ከሥሩ ይፍሰስ እንጂ ቅጠሉን አያርጥብ። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቅጠል ሲታይ ለቅሞ ማቃጠል ነው። በጉም አገር ይህ በሽታ ስለሚበዛ በተክሎቹ መካከል አንድ ሜትር ያህል ይተው፤ ነፋስ ይለፍባቸው። ክሽክሽ ቀንበጡን ሲወር በጣት ጠራርጉት ወይም ቀጭን የሳሙና ውሃ እርጩበት።

የእማማን ነገር ሳንጨርስ አንተወውም። ልጃቸው በሕይወት ሳለች ከዚያ ቁጥቋጦ አንድ ቁራጭ ለጎረቤት ሰጥታ ኖሯል። በሰኔ ሄደን ከዚያ ቆረጥንና በደጃቸው ተከልንላቸው። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድመን፣ «እማማ፣ የት ይሁን?» ብለን ጠየቅን። እንግዲህ አንድ ጽጌረዳ ያላችሁ ሁሉ፣ ዘንድሮ ክረምት ሲገባ አንድ ቁራጭ ለጎረቤታችሁ ስጡ። የእናንተው ቢደርቅ ከእርሱ ደጅ ይገኛልና።

ለመወያየት

1. በአካባቢያችሁ ውርጭ የሚጀምረውና የሚያበቃው በየትኛው ወር ነው? አዛውንቶችን ጠይቁ።
2. በመስከረም የተከረከመ ጽጌረዳ ለምን ይጎዳል?
3. ለማገዶ የሚሆነውን ሳንነካ ለአፈሩ ምግብ ከየት እናገኛለን?